የመድኃኒትን ሰዓት የሚያሳስብ ድምፅ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የስኳር በሽታ ግን ለሐኪም ከተነገረና መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላም ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም መድኃኒቱን በየቀኑ፣ በሰዓቱና በልኩ መውሰድ ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን የሚያየው በቀጠሮ ቀን ብቻ ሲሆን በቀረው ቀን ሁሉ በሽተኛው ራሱ የራሱ አስታማሚ ነው።

ታዲያ በዚህ መካከል የሚያሳስብ ድምፅ ቢኖርስ? በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ይህንኑ ሞክረው ውጤቱን በ2016 ዓ. ም. አሳትመዋል። የኢንሱሊን መጠናቸው ገና ያልተስተካከለላቸውን 32 በሽተኞች በሁለት ከፍለው፣ ለእኩሌቶቹ አሌክሳ የተባለውን በድምፅ የሚያነጋግር መሣሪያ ሰጧቸው። መሣሪያው በየቀኑ የደማቸውን ስኳር ልክና ኢንሱሊን መውሰዳቸውን እየጠየቀ፣ ሐኪሙ አስቀድሞ በወሰነው ደንብ መሠረት የሚወስዱትን መጠን ይነግራቸው ነበር። ከእነዚህ ግማሾቹ በ15 ቀን ውስጥ ከተገቢው መጠን ሲደርሱ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ግን 56 ቀን ሲያልቅ ግማሾቹ እንኳ አልደረሱም።

ወሬው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ያ መሣሪያ እንዳለ ተነሥቶ ዲላ ቢመጣ፣ ከከተማው ወጥቶም ወደ ይርጋ ጨፌና ወደ ቡሌ ቢዘልቅ ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ ጌዴኦኛ አያውቅም። ሁለተኛም የአገሩን የሥራ ቀን አያውቅም። በቡና ለቀማ ወራት ሰው በማለዳ ወጥቶ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ ምሳውም ይዘገያል። ኢንሱሊን ወስዶ ሳይበላ የሚደክም ሰው ደግሞ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሐሳቡ ይደናገራል፣ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ካልቀመሰም ራሱን ሊስት ይችላል። እንግዲህ «መርፌዎን ይውጉ» ብቻ የሚል ድምፅ ረዳት መስሎ ሊጎዳ ይችላል። አስቀድሞ «ምግብ ቀርቦልዎታል? ዛሬ ከባድ ሥራ አለብዎት?» ብሎ መጠየቅ አለበት። «እርስዎ» ማለቱም ቀላል ነገር አይደለም፤ ሽማግሌን «አንተ» እያለ የሚያዝ መሣሪያ ሁለተኛ ሰሚ አያገኝም።

በድምፅ መርዳት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ2006 ዓ. ም. የተከፈተው 8028 የተባለው የስልክ መስመር ለገበሬዎች የእርሻ ምክር በነጻ ሲያሰማ፣ ደዋዩ የሚያስፈልገው ተራ ስልክ ብቻ ነበር፤ ማንበብ የማይችል ሰውም ቁጥር ተጭኖ ያዳምጣል። በ2009 ዓ. ም. ደግሞ ጉግል የአማርኛን ንግግር ሰምቶ ወደ ጽሕፈት የሚለውጥ አገልግሎት አቅርቧል። ስለዚህ መንገዱ ተጀምሯል፤ ውድ መሣሪያ እስኪገዛም መጠበቅ አያሻም። በተወሰነው ሰዓት ስልክ ደውሎ በበሽተኛው ቋንቋ የሚጠይቅ፣ መልሱንም ለጤና ጣቢያው የሚያደርስ ድምፅ ለመነሻ ይበቃል።

ወሰኑን ግን መርሳት አይገባም። ድምፁ ያሳስብ፣ ይጠይቅ፣ አደጋ ሲያይ ወደ ባለሙያ ይምራ እንጂ ሐኪም ያልወሰነውን መጠን ከራሱ አይፍጠር። የሰማውን ቁጥር መልሶ ይጠይቅ፤ አሥራ አራትን አርባ ብሎ የሰማ ጆሮ በኢንሱሊን ነገር ነፍስ ያጠፋልና። ስልኩ የቤተ ሰብ ሁሉ ከሆነም የሰውን ሕመም በአደባባይ አያውጅ። መድኃኒቱና የደም ስኳር መለኪያው በቅርብ ካልተገኙ ደግሞ ማሳሰቢያው ሁሉ ባዶ ጩኸት ነው።

ዲላ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉ በአንድ ከተማ ይገኛሉ። ቋንቋውን ከእናቱ የተማረ፣ የኮምፒዩተርንም ሥራ በትምህርት ያገኘ ወጣት በዚያ አለ። ተማሪው ድምፁን ቢቀዳ፣ ነርሷ ጥያቄውን ብታርም፣ ወጣቱ ሹምም የስልኩን መስመር ቢያስፈቅድ፣ በቡና ጥላ ሥር ብቻዋን በሽታዋን የምታስታምም እናት የሚጠይቃት ታገኛለች። ጥያቄውም በምታውቀው ቋንቋ ይሁን እንላለን።