ላረጀ የጌም ኮምፒዩተር የትኛው ዕቃ ይቅደም?

የኮምፒዩተር ዕቃ በዶላር ተገዝቶ በብር የሚሸጥ ሸቀጥ ነው። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ቀደም ብሎ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። በዚህ ስሌት የ200 ዶላር ዕቃ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመርበት ከ11 ሺሕ 400 ብር ወደ 26 ሺሕ ብር ወጥቷል ማለት ነው። በመሆኑም ከሰባትና ከስምንት ዓመት በፊት የተገዛ የጌም ኮምፒዩተር ሲንቀራፈፍ ሙሉውን በአዲስ መተካት ለብዙዎች የሚቀመስ አልሆነም።

የሚቀረው አማራጭ ዕቃ እየለዩ መቀየር ነው። ማሽኑ የሚሮጠው በውስጡ ባለው ደካማ ዕቃ ልክ ስለሆነ፣ ያላነሰውን ዕቃ ማሳደግ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ደካማውን ለመለየት ደግሞ ገንዘብ አያስፈልግም። ጌሙ እየሄደ በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ሲታይ ግራፊክስ ካርዱ ያለማቋረጥ ወደ 100 ከመቶ የሚጠጋ ሥራ ላይ ከሆነ ጉድለቱ የካርዱ ነው። የምስሉ ጥራት ተቀንሶም ፍጥነቱ ካልጨመረ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ የፕሮሰሰሩ ነው።

ካርድ ከመግዛት በፊት ፓወር ሳፕላዩን ማየት ይገባል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርድ ማስገቢያ የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሳፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ገመድ ይሻል። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዴስክቶፖችን ለጌም የሚገዙ ሰዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። የብዙዎቹ ፓወር ሳፕላይ አቅሙ አነስተኛ፣ መሰኪያውም ከመደበኛው የተለየ በመሆኑ ካርዱ ተገዝቶ ፓወር ሳፕላዩ ሊያንቀሳቅሰው አይችልም።

አዲስ ካርድ ሁሉ ብዙ ኃይል ይበላል ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 580 ፍጆታው 185 ዋት ሲሆን፣ በ2021 የወጣው አርኤክስ 6600 በ132 ዋት ይበልጠዋል። በአንፃሩ በ2022 በ199 ዶላር የቀረበው አርኤክስ 6500 ኤክስቲ በርካሽነቱ ቢማርክም ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ነው። ማዘርቦርዱ የቆየ ፒሲአይ 3.0 ከሆነ ፍጥነቱ በግልጽ ይቀንሳል። ርካሹ ካርድ ለአሮጌ ማሽን ላይመች ይችላል ማለት ነው።

ፕሮሰሰር ሲቀየር ዋጋውን የሚወስነው ማዘርቦርዱ ነው። በ2017 ኤኤም4 ማዘርቦርድ የገዛ ሰው፣ አምራቹ ያወጣው የባዮስ ማሻሻያ ካለ፣ በ2022 በ199 ዶላር የወጣውን ራይዘን 5 5600 በዚያው ቦርድ ላይ መትከል ይችላል። የኢንቴል ተጠቃሚ ዕድል ጠባብ ነው። የ6ኛውና የ8ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮች መሰኪያ በዓይን ሲታይ አንድ ቢመስልም የ6ኛው ቦርድ 8ኛውን አይቀበልም። ዕቃውን ለማዛመድ ሻጭም ደላላም ቢሆን ከትውልዱ በፊት የቦርዱን ሞዴል ይጠይቅ።

ራም ላይ ጥንቃቄው የዋጋ ነው። አምራቾች ፊታቸውን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት በማዞራቸው በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በእጅጉ ንሯል። ዲዲአር4 ያለው ሰው ወደ ዲዲአር5 ልዝለል ቢል ከራሙ ሌላ ቦርዱንና ፕሮሰሰሩንም ለመግዛት ይገደዳል። 8 ጊጋባይት አንድ ራም ብቻ ያለው ማሽን ግን ተመሳሳይ ሁለተኛ ቢጨመርለት መጠኑም፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኝበት መንገድም እጥፍ ይሆናል። ሃርድ ዲስክን በኤስኤስዲ መተካት የጌሙን ምስል ባያፈጥንም የመክፈቻውን ረጅም ጥበቃ ያሳጥራል።

ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ታሪኩን ይጠይቅ። ኤትሪየም መስከረም 2022 አሠራሩን በመለወጡ ክሪፕቶ ሲያመርቱ የኖሩ ካርዶች በብዛት ወደ ገበያ ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ካርድ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት ባይሆንም፣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ከባድ ጌም አጫውቶ ሙቀቱንና የማራገቢያውን ድምፅ ማየት ያዋጣል።

በመጨረሻም የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ አይቀበልም። ማሽኑ ከዚያ በታች ከሆነ ገንዘቡን ነገም ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሊዛወሩ በሚችሉት በካርድ፣ በኤስኤስዲና በመደበኛ ፓወር ሳፕላይ ላይ ማዋል ይሻላል። ከአሮጌው ቦርድ ጋር አብሮ የሚቀር ፕሮሰሰርና ራም ግን የገባበት ብር ከማሽኑ ጋር ያረጃል።