ፋብሪካ ውስጥ የሚማር ሐኪም

ሰኞ ደረቱን አፍኖት፣ ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ የሚቀለው የጨርቃጨርቅ ሠራተኛ ተመላላሽ ክፍል ቢመጣ፣ ብዙ ሐኪም አስም ነው ብሎ ፓፍ ያዝለታል። መድኃኒቱ ያስታግሰው ይሆናል፤ ሰውየው ግን ተመልሶ የሚገባው ጥጥ ወደሚበጠርበት ክፍል ነው። ሕመሙ ቢሲኖሲስ ይባላል፤ የሚያመጣው የጥጥ ብናኝ ሲሆን በኢትዮጵያ ፋብሪካዎችም ተጠንቶ ታይቷል። ከዕረፍት በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን መባሱ መለያው ነው። ይህን ለመጠርጠር የሚቀድመው ራጅ ሳይሆን፣ የት ክፍል እንደሚሠራና የትኛው ቀን እንደሚብስበት መጠየቅ ነው።

እንዲህ መጠየቅን የሚያስተምረው የሙያ ጤና ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥሩ ኢጣሊያ ውስጥ ነው። በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ሞዴና ላይ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሐኪም በጥንቱ ሐኪም በሂፖክራተስ ጥያቄዎች ላይ የታማሚውን ሥራ እንዲጨምር መከረ። ለዚህ ያነሳሳው የሽንት ቤት ጉድጓድ ጠራጊ ነበር፤ ለምን እንደሚጣደፍ ሲጠይቀው፣ ሰውየው ሥራው ዓይን እንደሚያጠፋ ነገረው። በ1910 ደግሞ ሉዊጂ ዴቮቶ ሚላኖ ውስጥ ለሥራ ሕመሞች ብቻ የተቋቋመውን ክሊኒክ ከፈተ።

ዛሬ እዚያው አገር ስድስት ዓመት ሕክምና የተማረ ሐኪም በዚህ ዘርፍ ለመሠልጠን አራት ዓመት ይጨምራል። የሳንባ አቅምና የመስማት ምርመራ ማንበብ ይማራል። ጩኸት የጎዳው ጆሮ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚደክመው 4000 ሄርዝ አካባቢ ስለሆነ፣ ሠራተኛው ራሱ ሳያውቀው ወረቀቱ ላይ ይታያል።

ከባዱ ግን የሰውን የሥራ ታሪክ ወደኋላ መቆፈር ነው። በኢጣሊያዋ ከተማ በካዛሌ ሞንፌራቶ ከ1907 እስከ 1986 የሠራ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ፋብሪካ ነበር። ብናኙ የሚያስከትለው ሜሶቴልዮማ የተባለው ካንሰር ብዙ ጊዜ ከሠላሳ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ብቅ ስለሚል፣ ኢጣሊያ በ1992 አስቤስቶስን ካገደችም በኋላ ሰው ሲሞት ኖሯል። ፋብሪካው ውስጥ ሠርተው የማያውቁ፣ የባላቸውን የሥራ ልብስ ያጠቡ ሴቶችም ታመዋል። ስለዚህ ሠልጣኙ ሐኪም የታማሚዋን ብቻ ሳይሆን የባሏንና የአባቷንም ሥራ ይጠይቃል፤ የልብሱን እጥበት ሳይቀር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው አንድ ነገር አለ። በፋብሪካ ተመድቦ ሠራተኛውን የሚመረምረው ሐኪም ገንዘቡን የሚከፍለው አሠሪው ነው። በ2008 የወጣው የኢጣሊያ ሕግ ቁጥር 81 ለዚህ መከለያ አበጅቷል፦ አሠሪው የሚደርሰው ሠራተኛው ለሥራው ብቁ መሆኑን ወይም አለመሆኑን፣ ወይም በምን ገደብ መሥራት እንዳለበት የሚገልጽ ውሳኔ ብቻ ነው፤ የሕመሙ ስም አይነገረውም። በውሳኔው ያልተስማማ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል። ሐኪሙም የሥራ ቦታውን በዓመት ቢያንስ አንዴ፣ ወይም አደጋው ታይቶ በሚወሰን ሌላ የጊዜ ልዩነት፣ በአካል መጎብኘት አለበት። ሕጉን ማጥናት ቀላል ነው። የሠራተኛ ኃላፊው ስልክ ደውሎ «ልጁ ምን ሆኖ ነው?» ሲል በትሕትና እንቢ ማለት ግን ከክፍል ትምህርት አይገኝም፤ ሠልጣኙ ልምድ ካለው ሐኪም ጎን ሆኖ፣ ደጋግሞ አይቶ የሚቀስመው ነው። ሥልጠናው ዓመታት ቢፈጅ የሚያስከፋ አይደለም።

ያው ሕግ ግን «ሠራተኛ» ብሎ ሲተረጉም የቤት ሠራተኞችን ለይቶ አስወጥቷል። ሮምና ሚላኖ አረጋውያንን እየጦሩ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያትን እንዲህ ያለ ሐኪም ቤታቸው መጥቶ አያያቸውም። ወገባቸው ሲቆረጥ የሚሄዱት ወደ ቤተሰብ ሐኪም ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚያገኙት ማስታገሻ ነው። የዚህ ስፔሻሊቲ መምህራን ደጃቸውን ለቤተሰብ ሐኪሞች ሥልጠናም ቢከፍቱት፣ ለጥቂት ሳምንት እንኳ፣ ሐኪሟ ኪኒን ከማዘዟ በፊት ሌላም ትጠይቃለች፦ አሮጊቷን ከአልጋ የምታነሺው ብቻሽን ነው? ማንሻ መሣሪያ አለ? ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሺያለሽ?