ኮክን በጠርሙስ ማሸግ፦ በአትላንታ 30 ደቂቃ የሚበቃው በአዲስ አበባ ለምን 40 ደቂቃ ይፈልጋል?

በአሜሪካዋ የአትላንታ ከተማ ከግንቦት እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ድረስ ገበያው የኮክ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው የፎርት ቫሊ አካባቢ የሚለቀመው ፍሬ በካርቶንና በቅርጫት ተሞልቶ ይቀርባል። ወቅቱ ካለፈ በኋላ ግን ትኩስ የጆርጂያ ኮክ ማግኘት አይታሰብም።

ጆርጂያ “የኮክ ግዛት” የሚል ቅጽል ስም ቢኖራትም ምርቱ በየዓመቱ እኩል አይደለም። በ2023 የቅዝቃዜው ወራት ከወትሮው ሞቅ በማለታቸው ዛፎቹ ለማፍራት የሚያስፈልጋቸውን ብርድ ሳያገኙ ቀሩ። ቀድመው ያበቡትንም ዘግይቶ የመጣ ውርጭ መታቸው። በዚያ ዓመት ከግዛቲቱ የኮክ ምርት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ጠፍቷል።

በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች በበጋ የገዙትን ኮክ በጠርሙስ አሽገው ለዓመት የሚያቆዩትም ወቅቱ አጭር በመሆኑ ነው። በአትላንታና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ኮክ ከአገር ቤት የሚያውቁት ፍሬ ነው። ማሸጉ ግን ቋንጣ ከማድረቅም ሆነ ቅቤ ከማንጠር የተለየ የራሱ ሕግ አለው። ሕጉን መሳት ደግሞ ሕይወትን እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል።

በታሸገው ጠርሙስ ውስጥ ያለው አደጋ

ምግብን በጠርሙስ ከትቶና አፉን ዘግቶ በመቀቀል የማቆየትን ዘዴ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ነው። አፔር ዘዴውን በ1810 በመጽሐፍ ሲያሳትም ከአገሩ መንግሥት 12 ሺህ ፍራንክ ተሸልሟል። ምግቡ ለምን እንደማይበላሽ ግን እርሱም አያውቅም ነበር። ምክንያቱ ጥቃቅን ተሕዋስያን መሆናቸውን ያሳዩት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የተደረጉት የሉዊ ፓስተር ምርምሮች ናቸው።

ከእነዚህ ተሕዋስያን እጅግ አስፈሪው ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ዘሩ በአፈር ውስጥ ይገኛል፤ የፈላ ውሃም አይገድለውም። አየር በሌለበትና የአሲድ መጠኑ አነስተኛ በሆነ ምግብ ውስጥ ሲያድግ መርዝ ያመነጫል። መርዙ ነርቮችን በመያዝ እይታን ያደበዝዛል፣ አንደበትን ያስራል፣ በመጨረሻም መተንፈስን ይከለክላል። በመልክ፣ በሽታም ሆነ በጣዕም ላይለይ ይችላል።

በሚያዝያ 2015 በኦሃዮ ግዛት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን አብረው በተመገቡበት ዕለት 29 ሰዎች በቦቱሊዝም ታመው አንድ ሰው ሞቷል። መነሻው በቤት ውስጥ የታሸገ ድንች ነበር። አሲዱ አነስተኛ የሆነው ድንች ከፍ ያለ ሙቀት በሚሰጥ የእንፋሎት ግፊት ድስት መታሸግ ሲገባው በተራ የፈላ ውሃ ነበር የታሸገው።

ቢጫው እንጂ ነጩ አይታሸግም

ኮክ እንደ ድንች በግፊት ድስት እንዲታሸግ የማያስፈልገው በተፈጥሮ አሲድነቱ ነው። የአሲድነት መለኪያ የሆነው ፒኤች ከ4.6 በታች ሲሆን የቦቱሊዝም ባክቴሪያ አያድግም፤ ውስጡ ቢጫ የሆነ ኮክም ከዚህ መጠን በታች ነው።

ውስጡ ነጭ የሆነ ኮክ ግን ከዚህ የተለየ ነው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ከ4.6 በላይ ስለሚሆኑ፣ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የቤት ውስጥ ምግብ ማቆያ ማዕከል ነጩ ኮክ በጠርሙስ ከመታሸግ ይልቅ በማቀዝቀዣ በረዶ ሆኖ እንዲቀመጥ ይመክራል።

ስኳርን በተመለከተም የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ስኳሩ የፍሬውን ቀለም፣ ቅርጽና ጣዕም ይጠብቃል እንጂ ደኅንነቱን የሚያረጋግጠው እርሱ አይደለም። ስኳር የማይፈልጉ ሰዎች ኮኩን በንጹሕ ውሃ ማሸግ ይችላሉ።

አሠራሩ

ሰባት ባለ አንድ ሊትር ጠርሙሶችን ለመሙላት ስምንት ኪሎ ግራም ገደማ የበሰለ ነገር ግን ያልለሰለሰ ኮክ ያስፈልጋል።

ፍሬውን ከ30 እስከ 60 ሰከንድ በፈላ ውሃ፣ ወዲያውም በቀዝቃዛ ውሃ ሲነክሩት ልጣጩ በቀላሉ ይወልቃል። ከዚያም ለሁለት ተሰንጥቆ ፍሬው ይወጣል። እንዳይጠቁር በአራት ሊትር ገደማ ውሃ ሦስት ግራም አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለትም ቫይታሚን ሲ፣ በጥብጦ በዚያ ማቆየት ይረዳል።

ለቀላል ሽሮፕ አራት ኩባያ ውሃ ከአንድ ኩባያ ስኳር ጋር ይፈላል። ኮኩ ተጠንፍፎ በሽሮፑ አንድ ጊዜ ገንፈል ካለ በኋላ ትኩሱን በሞቀ ጠርሙስ ይሞላል። ከአፉ በታች አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ክፍት ቦታ ይተዋል። የአየር አረፋው ይወጣል፤ የጠርሙሱ አፍ ይጠረጋል፤ ከዚያም አዲስ ክዳን ይደረግበታል። የክዳኑ የብረት ቀለበት ደግሞ በጣት ኃይል ብቻ ይጠብቃል።

በመጨረሻ ጠርሙሶቹ በድስት ውስጥ ባለ መደርደሪያ ላይ ቆመው ይቀቀላሉ። ውሃው ከክዳናቸው በላይ ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል መሆን አለበት። ጊዜው የሚቆጠረውም ውሃው በደንብ መፍላት ከጀመረበት ቅጽበት ነው።

ከፍታው የሚወስነው ጊዜ

ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ቀድሞ ይፈላል። በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነው የፈላ ውሃ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ 92 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ሙቀቱ ሲቀንስ ጊዜው መርዘም አለበት።

በአሜሪካ መመሪያ መሠረት ትኩሱን የተሞላ ባለ አንድ ሊትር የኮክ ጠርሙስ እስከ 305 ሜትር ባለ ከፍታ 25 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ እስከ 914 ሜትር 30 ደቂቃ፣ ከዚያም እስከ 1,829 ሜትር 35 ደቂቃ ይቀቀላል። ከ1,829 ሜትር በላይ 40 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ለባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ በየደረጃው አምስት ደቂቃ ይቀነሳል።

የአትላንታ ሰፈሮች ከፊሎቹ ከ305 ሜትር በታች፣ ከፊሎቹ ደግሞ በላይ ናቸው። ስለዚህ ለነዋሪዎቿ የሚያዋጣው 30 ደቂቃውን መያዝ ነው። ከአትላንታ ወደ አዲስ አበባ በስልክ የተነገረ አሠራር ግን ደቂቃው ካልተስተካከለ ጎዶሎ ይሆናል።

ከመክፈት በፊት

ጠርሙሶቹ ከወጡ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሳይነኩ ይቀዘቅዛሉ። ከዚያ የክዳኑ መሐል ሲጫኑት ወደ ታች የሚረግብና የሚመለስ ከሆነ አልታሸገም ማለት ነው፤ ወደ ማቀዝቀዣ ገብቶ በቅርቡ ይበላል። በደንብ የታሸገው በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይቀመጣል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢበላም ይመረጣል።

ክዳኑ ያበጠ፣ የሚያፈስ ወይም ሲከፈት የሚፈነጥቅ ጠርሙስ ከተገኘ “እስቲ ልቅመሰው” ማለት አይገባም፤ ሳይቀመስ መወገድ አለበት።