የድምፃዊ ፊርማ ያለበት ሸክላ ሲገዛ ምን መታየት አለበት?

ከኩታበር አሮጌ ሸክላ ይዞ ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ለሚመጣ ቤተሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋው ነው። በሸክላው ላይ የድምፃዊው ፊርማ አለ ከተባለ ደግሞ ዋጋው ይንራል። ፊርማው ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ግን ገዢው ገንዘቡን፣ ሻጩም ስሙን ያጣል።

የአገራችን ሸክላ የሚፈለግበት ምክንያት ግልጽ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ፣ እንዲሁም ካይፋና ፊሊፕስ ያሳተሟቸው ሸክላዎች ቁጥራቸው የተወሰነ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት ቦታቸውን ወስዷል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሲዲ ተከታታይ እትም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሙዚቃውን ለዓለም ካስተዋወቀ በኋላ፣ የውጭ ሰብሳቢዎች የመጀመሪያውን እትም ማደን ጀምረዋል። ገንዘብ ባለበት ደግሞ አስመሳይ አይጠፋም።

ገዢው በቅድሚያ ማመሳከር ያለበት ዘመንን ነው። ብዙነሽ በቀለ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1990 በመሆኑ በ«ኢትዮፒክስ» ሲዲ ላይ የእርሷ ፊርማ ሊኖር አይችልም። ጥላሁን ገሠሠም በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. አርፏል፤ ከዚያ በኋላ በታተመ ሽፋን ላይ የሚገኝ «ፊርማው» ሌላ ምርመራ አያሻውም።

ሁለተኛው የእትሙ ዕድሜ ነው። የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ ሲሆን፣ በ2017 እንደገና ታትሟል። በሽፋኑ ላይ ባርኮድ ካለ የ1972ቱ እትም አይደለም። ስለዚህ «ያኔ የተፈረመ ነው» የሚለው ወሬ ከመነሻው ይወድቃል።

ሦስተኛው የብዕሩ አካሄድ ነው። ሰው የለመደውን ፊርማ ሲፈርም እጁ ይፈጥናል፤ መስመሩ ሲጀምርና ሲያልቅ ይቀጥናል፣ ጫናውም ይለዋወጣል። አስመሳዩ ግን እያየ ስለሚስል መስመሩ እኩል ይወፍራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መሀል ላይ ይቆማል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ፊርማው ከጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከሽፋኑ ጋር አብሮ የታተመ እንጂ በእጅ የተጻፈ አይደለም።

አራተኛው ቀለሙና ወረቀቱ ነው። ሽፋኑ ባረጀበት እጥፋትና ስንጥቅ ውስጥ ቀለም ገብቶ ከተገኘ፣ የተፈረመው ወረቀቱ ካረጀ በኋላ ነው ማለት ነው። በ1960ዎቹ ተፈረመ የተባለ ፊርማ በሚያብረቀርቅ የብር ወይም የወርቅ ቀለም ማርከር ከተጻፈም ያጠራጥራል።

በሸክላው መሀል በተለጠፈው ወረቀት ላይ የተጻፈ ስም ሁሉ ፊርማ አይደለም። የሸክላው ባለቤት ወይም ያጫውተው የነበረ ቤት ለመለያ የጻፈው ሊሆን ይችላል። የድምፃዊውን ስም በመጻፍና በመፈረም መካከልም ልዩነት አለ።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። የቢትልስ ረዳቶች የነበሩት ኒል አስፒናልና ማል ኢቫንስ በአራቱ ሙዚቀኞች ስም ይፈርሙ እንደነበር ይታወቃል። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮም በ1990ዎቹ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» በተባለው ዘመቻ ከፍተኛ የሐሰተኛ ፊርማ ንግድ አጋልጧል። እዚያ የተያዙት ሰዎች ዕቃውን ከ«እውነተኛነት ማረጋገጫ» ወረቀት ጋር ይሸጡ ነበር። በመሆኑም ሻጩ ራሱ ያዘጋጀው ወረቀት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የተሻለው ማስረጃ ፊርማው የት፣ መቼና ለማን እንደተሰጠ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ወይም በሌላ ሰነድ ላይ ያለ የታወቀ ፊርማ ነው።

ለሻጩም ምክር አለ። ንጹሕ የሆነ የመጀመሪያ እትም ያለ ፊርማም ዋጋ አለው። ዋጋ ይጨምራል ብሎ ሐሰተኛ ፊርማ የሚያስቀምጥበት ሰው ያንኑ ዋጋ ያበላሻል፤ የተነካ ሽፋን ወደ ቀድሞው አይመለስም። ከዚህም በላይ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል።

ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቶ በብርሃን ይመልከት፣ የሻጩን ስምና የፊርማውን ታሪክ የያዘ ደረሰኝም ይጠይቅ። «ይህን መጻፍ አልችልም» የሚል ሻጭ ካጋጠመው ሸክላውን በሸክላነቱ ዋጋ ብቻ ይግዛ፤ አለዚያም ይተወው።