«አንቲ» ሁልጊዜ ጠላት ነውን?

በሳይንስ መጻሕፍታችን ውስጥ «አንቲ» የምትባለው የግሪክ ቃል ያልገባችበት ምዕራፍ ጥቂት ነው። አንቲቦዲ፥ አንቲጅን፥ አንቲባዮቲክ፥ አንቲፓርቲክል እያለ ይቀጥላል። ትርጉሟን ስንጠየቅ ሁላችንም «ፀረ ማለት ነው» ብለን እንመልስና እንቀመጣለን። እኔም እስካለፈው ኅዳር ድረስ ከዚህ የበለጠ ማወቅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም ነበር። በኅዳር ግን ይህችን ቃል በሚገባ ባለማወቄ የዘጠኝ ዓመት ታናሽ እኅቴን ክፉኛ ልጐዳት ነበር። ነገሩን ወደ ኋላ እተርከዋለሁ፤ አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል።

«ፀር» በግእዝ ጠላት ማለት ነው። ስለዚህ «ፀረ ሙስና» ስንል የሙስና ጠላት፥ «ፀረ ሰላም» ስንል የሰላም ጠላት ማለታችን ነው። የግሪኩ «አንቲ» ግን ከዚህ ይሰፋል፤ መቃወምን ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊት መቆምን፥ አንዳንድ ጊዜም በሌላው ፈንታ መተካትን ያመለክታል። በእኔ አስተያየት ከ«ፀር» ይልቅ «አንጻር» የሚለው ቃላችን ይቀርበዋል። (የሮቢት ሽንኩርት አምራቾች የሚረጩት «ፀረ ተባይ» እንኳ በእንግሊዝኛው ስሙ «ተባይ ገዳይ» ነው እንጂ «አንቲ» የሚል የለበትም።)

የጥንት ግሪኮች ከምድር በወዲያኛው ፊት የሚኖሩትን ሰዎች «አንቲፖዴስ» ይሏቸው ነበር፤ ይኸውም እግራቸው በእግራችን አንጻር የቆመ ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ያህል፥ ከግሪንዊች በስተምሥራቅ 40 ዲግሪ ያህል ላይ ትገኛለች። እንግዲህ ከከተማችን ተነሥተን ምድርን በእምብርቷ በኩል ቀጥ አድርገን ብንበሳት፥ በስተደቡብ 10 ዲግሪ፥ በስተምዕራብ 140 ዲግሪ ላይ ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ብቅ እንላለን። በዚያ አቅራቢያ ማርኬሳስ የሚባሉ የፈረንሳይ ደሴቶች አሉ። የደሴቶቹ ሰዎች አንቲፖዴሶቻችን ናቸው፤ ጠላቶቻችን ግን አይደሉም። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ በአገራቸው ስለሌለች እንዲያውም ልንቀናባቸው ይገባል።

በፊዚክስም እንዲሁ ነው። ፖል ዲራክ በ1928 እ.ኤ.አ. በሒሳብ የደረሰበትን፥ ካርል አንደርሰንም በ1932 እ.ኤ.አ. በሙከራ ያገኘውን ፖዚትሮን የኤሌክትሮን አንቲፓርቲክል ይሉታል። ክብደቱ ከኤሌክትሮን ጋር እኩል ነው፤ የኤሌክትሪክ ሙሉ ግን ተቃራኒ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ጠፍተው ወደ ጨረር ይለወጣሉና ጠላት ቢባሉም ያስኬዳል። ይህን ለፊዚክስ ወዳጆች እተወዋለሁ፤ የእኛ የቆላው ሰዎች ጉዳይ ሌላ ነውና።

ከጣርማ በር ብርድ ተነሥቶ፥ በደብረ ሲና በኩል ወደ ይፋት ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ካባውን እያወለቀ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከተማችን ሲደርስ፥ የደጋ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚፈራው ንዳድ ይጠብቀዋል። ወባ በቆላ ብቻ የሚቀር በሽታም አይደለም። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ወይና ደጋው ወጥቶ በአገራችን 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመና 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል። የወባ ማጥፊያ አገልግሎት የተቋቋመውም በ1951 ዓ.ም. ነው።

ወደ እኅቴ ልመለስ። አንድ ማታ ብርድ ብርድ አላትና ጋቢ ብንደራርብላትም መንቀጥቀጧ አልቆም አለ። ቆይቶ ደግሞ ሰውነቷ እንደ ምጣድ ጋለ። አያቴ «ንዳድ ነው፤ አሳዩአት» ብለው ነበር። እኔ ግን የቤቱ ተማሪ ነኝና፥ እናቴ ለጥርሷ ታዝዞላት የተረፈውን አሞክሲሲሊን ከሣጥን አወጣሁ። «አንቲባዮቲክ ነው፤ የበሽታ ፀር ነው» ብዬም አስረዳሁ። ሁለት ቀን አስዋጥኋት። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ጋብ ሲል ጊዜ ደረቴን ነፋሁ። በሦስተኛው ቀን ማስመለስ ጀመራትና በጀርባዬ አዝዬ ወደ ጤና ኬላ ሮጥሁ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዪቱ ምን እንደ ሰጠናት ጠየቀችኝ። ነገርኋት። «አንተ ልጅ፥ ይህ መድኃኒት ወባን መች ያውቀዋል!» አለችኝና የእኅቴን ጣት ወግታ አንዲት ጠብታ ደም በመመርመሪያው ላይ አኖረች። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ቀያይ መስመሮች ታዩ። ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው ወባ ነበር።

እነዚያ መስመሮች እንዴት እንደሚወጡ በኋላ አነበብሁ፤ ነገሩ ሁሉ የ«አንቲ» ሥራ ሆኖ አገኘሁት። ባዕድ ነገር ወደ ሰውነታችን ሲገባ ሰውነታችን ለዚያ ብቻ የሚገጥም አንቲቦዲ ይሠራል፤ ቁልፍ ለጋኑ እንደሚሠራ ዓይነት ነው። ይህን ኃይል በ1890 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ በዲፍቴሪያና በመንጋጋ ቆልፍ ላይ ሲመራመሩ አሳዩት። አንቲቦዲ እንዲሠራ የሚያደርገው ባዕድ ነገር ደግሞ አንቲጅን ይባላል። ከጓደኞቼ ብዙዎቹ «የጂን ፀር» ይሉታል፤ ስሕተት ነው። «ጅን» በዚህ ስፍራ አስገኚ ማለት ነው፤ አንቲጅንም አንቲቦዲን የሚያስገኝ ማለት ነው። በመመርመሪያው ውስጥ በቤተ ሙከራ የተዘጋጁ አንቲቦዲዎች ተለጥፈዋል። የፋልሲፓረም ተሕዋስ ወደ ደም የሚለቀው አንድ ፕሮቲን አለ። ደሙ ሲፈስ፥ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣት የተሸከሙ አንቲቦዲዎች ይህን ፕሮቲን ይይዙታል፤ በመስመሩ ላይ የተተከሉት ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀሯቸዋል። ቅላቱ የወርቁ ነው! ሁለተኛው መስመር መመርመሪያው በደኅና መሥራቱን የሚመሰክር ነው፤ እርሱ ካልታየ ውጤቱ አይታመንም።

አሞክሲሲሊን ለምን አልረዳም? አንቲባዮቲክ ማለት ሲተረጐም «ሕይወትን የሚቃወም» ነው፤ ነገር ግን የማንን ሕይወት እንደሚቃወም ስሙ አይነግረንም። ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው ፔኒሲሊንም ሆነ ዘመዱ አሞክሲሲሊን ባክቴሪያ ግድግዳውን እንዳይሠራ ያደርጋሉ። የወባ ተሕዋስ ባክቴሪያ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ግድግዳም የለውም፤ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ተሸሽጎ ይራባል። በሌለ ግድግዳ ላይ መዶሻ አነሣሁ ማለት ነው። እርግጥ እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉ አንዳንድ አንቲባዮቲኮች ወባንም ያዳክማሉ፤ ይህን መለየት ግን የሐኪም እንጂ የእኔ ቢጤ ሥራ አይደለም። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ጋብ ያለውም የወባ ትኩሳት መለስ ቀለስ የሚል ስለ ሆነ ነው፤ እኔ ግን የመድኃኒቴ ሥራ መሰለኝ።

መመርመሪያውም ቢሆን የሚታለልበት ጊዜ አለ። ያን ፕሮቲን የሚያሠራውን ጂን የጣሉ የፋልሲፓረም ተሕዋስያን በአማራ፥ በትግራይና በጋምቤላ እንደ ተገኙ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። ተሕዋሱ ፕሮቲኑን ካልለቀቀ አንቲቦዲው የሚይዘው የለውም፤ መስመሩም አይወጣም። ስለዚህ መመርመሪያው «የለም» ቢልም ትኩሳቱ ከቀጠለ፥ ደሙን በማይክሮስኮፕ ማስመርመር ያስፈልጋል።

እኅቴ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚዋጠውን ኮአርተም ጨርሳ በሳምንቱ ትምህርት ቤት ገባች። የተረፈውን አሞክሲሲሊን እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ለጤና ኬላው አስረከበች፤ የሣጥኑንም ቁልፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዋው ትይዛለች።