ሰው የገጨ ሹፌር፦ በጎንደር መንገድ የሚወራውና ሕጉ የሚለው

በጎንደር የመኪና አደጋ ሲደርስ ከትራፊክ ፖሊስ ቀድሞ የሚደርሰው መካሪ ነው። አንዱ «ሽሽ» ይላል፣ አንዱ «ቃል እንዳትሰጥ»፣ ሌላው «ሽማግሌ ላክ፣ በዚያው ያልቃል»። ባለመኪናው ደግሞ በስልክ «የገጨው ሹፌሩ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ» ይላል። ከዚህ ሁሉ ምክር ውስጥ እውነት የሌለበት ጥቂቱ ነው፤ ችግሩ እውነቱ ያለቦታው መግባቱ ላይ ነው። አንድ አደጋ ሦስት ጉዳይ ይወልዳል። መንግሥት ሹፌሩን በወንጀል ይከሳል። ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ በፍትሐ ብሔር ካሳ ይጠይቃል። ባለንብረቱ ደግሞ ከመድን ድርጅቱ ጋር የሚጨርሰው ጉዳይ አለው። በአንዱ ያዳነ ምክር በሌላው ዕዳ ውስጥ ይከታል።

«ቆመህ ከተገኘህ ያልቅልሃል፤ ሽሽ»

ይህ ምክር ከየት እንደመጣ የወገራንና የዳባትን ደጋ የሚያውቅ ሰው አይጠፋውም። ልጁ አስፋልት ላይ የወደቀበት አባት በዚያች ሰዓት ምን እንደሚያደርግ እሱም አያውቅም። ደም የሚመለስበት አገር ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ አልፎ ጉም በሸፈነው ሜዳ ላይ ሰው የገጨ ሹፌር መጀመሪያ የሚታየው እስር ቤት አይደለም፤ ከየመንደሩ እየሮጠ የሚመጣው ዱላ የያዘ ሰው ነው። ስለዚህ ፍርሃቱን «መሃይምነት» ብሎ ማጣጣል አላዋቂነት ነው።

ሕጉም ፍርሃቱን ከግምት አስገብቷል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 ሕይወቱ ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው እያወቁ ሳይረዱ ጥሎ መሄድን ወንጀል አድርጎታል፤ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ጥሎ የሄደው ሰው ከሆነ ቅጣቱ ይጠብቃል። ግዴታው የሚጣለው ግን በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት ይችል በነበረ ሰው ላይ ነው። ሊደበድቡት ሲመጡ አይቶ በቀጥታ ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ የነዳ፣ በመንገዱ አምቡላንስ የጠራ፣ ደርሶም «ገጭቻለሁ፣ ቦታው እዚህ ነው» ያለ ሹፌር ሸሸ አይባልም። እንዲያውም በፈቃድ እጅን መስጠት፣ ተጎጂን መርዳትና የተቻለውን ያህል መካስ በዚያው ሕግ አንቀጽ 82 ቅጣት ከሚያቀልሉ ምክንያቶች ተቆጥረዋል። መኪናውን ዘመድ ግቢ አስገብቶ፣ የረገፈውን የፊት መብራት አስቀይሮ በሦስተኛው ቀን የሚያዘው ሹፌር ግን ባለማስተዋል በተፈጠረ አደጋ ላይ ሆን ብሎ የሠራውን ጥፋት ጨምሮበታል። ዳኛ ፊት የሚያከብደው ይኸኛው ነው።

የሚያሰጋ ነገር ከሌለ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። መቆም፣ ተጎጂውን ማንሳት፣ ፖሊስ መጥራት፣ ፖሊሱ ቦታውን አይቶ ፕላን እስኪያነሳ መኪናውን አለማንቀሳቀስ። ተጎጂውን ለማዳን መኪናው መነሳት ካለበት ግን ጎማው የቆመበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አድርጎ፣ በስልክ ፎቶ አንስቶ ማንቀሳቀስ ነው። ሰው እየደማ ፕላን አይጠበቅም።

«ቃል እንዳትሰጥ» የሚለው ምክር ግን ግማሹ ልክ ነው። ስምን፣ መንጃ ፈቃድንና የመድን ማስረጃን ማሳየት ግዴታ ነው። አደጋው እንዴት እንደደረሰ መናገር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘው ሰው ምርጫ ነው፤ ጠበቃ እስኪያማክር ዝም ቢል ጥፋተኛ አያሰኘውም። ያው አንቀጽ ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያቀርብ ያዛል፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚወስደው የመንገድ ጊዜ በዚህ አይቆጠርም።

«ፍሬን እምቢ ካለ የእግዜር ሥራ ነው»

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ያየ ሰው ይህን አባባል ለመናቅ ይከብደዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከገደል ላይ ተፈልፍሎ የወጣ መንገድ ነው። የጫነ አይሱዙ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ካልያዘ ፍሬኑ ይግላል፣ ሸራው መሽተት ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ መርገጫ ብቻ ይሆናል። ሹፌሩ «እምቢ አለኝ» ሲል ላይዋሽ ይችላል።

በወንጀል ጉዳይ ይህ ክርክር ዋጋ አለው። ዐቃቤ ሕግ ቸልተኝነት እንደነበረ ማስረዳት አለበት። ሹፌሩ ከመነሳቱ በፊት ፍሬኑን ማስፈተሹን፣ ጭነቱ ከተፈቀደው አለማለፉን፣ ቁልቁለቱን በዝግታ መያዙን ካሳየ ነፃ ሊወጣ ይችላል። ቸልተኝነቱ ከተረጋገጠበት ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ይጠብቀዋል። የሌላውን ሕይወት መጠበቅ የሙያ ግዴታው የሆነ ሰው፣ ማለትም እንደ ሹፌር ያለ፣ በቸልተኝነት ሰው ሲገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ አለበት። የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ግልጽ የሆነን ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ፣ ወይም ጠጥቶ ከነዳ ቅጣቱ ከ5 ዓመት የሚጀምር ጽኑ እስራት ይሆናል።

በካሳ ጉዳይ ግን «እምቢ አለኝ» ምንም አያድንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጥፋት ኖረም አልኖረም። አንቀጽ 2086 ደግሞ በሩን ይዘጋዋል። ጥፋት የለብኝም ማለት፣ ምክንያቱ አልታወቀም ማለት፣ ልከላከለው አልችልም ነበር ማለት፣ የሌላ ሰው ጥፋት ነው ማለት አይጠቅምም። ካሳውን የሚቀንሰው ወይም የሚያስቀረው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ብቻ ነው። አንዳንዱ ይህን ጭካኔ ይለዋል። እኔ ፍትሕ ነው እላለሁ፤ በመኪናው የሚያተርፈው ባለመኪናው ነው፣ በእግሩ ገበያ የሚሄደው ገበሬ ከዚያ ትርፍ የሚደርሰው የለም።

«የገጨው ሹፌሩ ነው፤ እኔን አይመለከተኝም»

ይህ በጎንደር ከተማ ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱ ባጃጅ ነው። ከፒያሳ እስከ አራዳ፣ ከማራኪ እስከ አዘዞ ከሚርመሰመሰው ባጃጅ ብዙውን ባለቤቱ አይነዳውም። ባለቤቱ መምህር ነው፣ ነጋዴ ነው፣ ወይም ዐረብ አገር ሠርታ ለቤተሰቧ የገዛች ልጅ ናት። ሹፌሩ ማታ ማታ ቁርጥ ገቢ ያስገባል፣ የተረፈው የሱ ነው። ባለቤቷ ሕፃን መገጨቱን ጂዳ ሆና በስልክ ትሰማለች፤ «ውላችን ገቢ ብቻ ነው» ማለቷም አይቀርም።

ሕጉ ግን የሚያየው ሊብሬው በማን ስም እንዳለ ነው። መኪናውን ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ ባለንብረቱ ይጠየቃል፤ መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበረ ካስረዳ ብቻ ይድናል። ከሹፌሩ ጋር ያለው ውል በሁለቱ መካከል ነው፣ ተጎጂውን አያስረውም። ስም ሳያዞሩ በውክልና ብቻ የሸጡ ሰዎች በተለይ ይህን ልብ ይበሉ፤ ከሸጡ ዓመት በኋላ መጥሪያ የሚደርሰው ለእነሱ ነው። እስር ግን አይወረስም። በወንጀል የሚጠየቀው በራሱ ጥፋት የፈጸመው ነው፣ ስለዚህ ሹፌሩ ሲታሰር ባለንብረቷ ካሳ ትከፍላለች። ሁለቱ አይምታቱ።

«ትራፊኩ ጥፋተኛ ካለው ጥፋተኛ ነው»

አይደለም። ፕላኑና ሪፖርቱ ማስረጃ ናቸው፣ ጠንካራ ማስረጃም ናቸው፤ ፍርድ ግን አይደሉም። ፕላኑ ላይ ርቀቱ ወይም የመኪናው አቅጣጫ ተሳስቶ ከተሳለ እዚያው ቦታው ላይ፣ የጎማው አሻራ ሳይጠፋ መናገር ይሻላል።

የዚህ ተቃራኒውም ስህተት ነው፤ «በወንጀል ነፃ ወጥቻለሁ፣ ካሳ አልከፍልም» የሚለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 በወንጀል ነፃ መባል የካሳውን ዳኛ አያስገድደውም ይላል። ሁለት መኪና ተጋጭቶ የማን ጥፋት እንደሆነ ካልታወቀ ደግሞ አንቀጽ 2084 ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይገምታል፣ ጠቅላላው ኪሳራ ለሁለት ይካፈላል። መንገድ ላይ ተያይዞ መጯጯህ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

«ከብት የገጨ ይከፍላል»

ዘወትር አይደለም። አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው አምልጦት እንኳ ቢሆን። ስለዚህ ማታ ያለ እረኛ መንገድ ላይ የተኛ በሬ መኪና ቢገለብጥ ባለበሬው ይጠየቃል። ሕጉ አንድ የሚገርም መውጫም ሰጥቶታል፤ የራሱ ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከኃላፊነት መውጣት ይችላል። የተገለበጠ ሚኒባስ ያለው ሰው የሞተ በሬ ሲረከብ ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም።

«ሦስተኛ ወገን አለኝ፤ ሁሉን ይሸፍናል»

መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት የምትሸፍነው ሌላ ሰው ላይ የደረሰን ጉዳት ነው፣ የራስን መኪና አይደለም። እሷም ጣሪያ አላት። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ጣሪያው ለአንድ ሰው ሞት ወይም የአካል ጉዳት 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር ስለሚሻሻል የዛሬውን ከመድን ድርጅቱ መጠየቅ ነው። ፍርድ ቤት ከጣሪያው በላይ ከወሰነ ትርፉን የሚከፍለው ባለንብረቱ ነው።

ብዙ ተጎጂ የማያውቀው ይበልጥ የሚጠቅም ነገር እዚሁ አዋጅ ውስጥ አለ። የጤና ተቋም በመኪና አደጋ የተጎዳን ሰው «መጀመሪያ ክፈል» ብሎ አስቸኳይ ሕክምና ሊከለክለው አይችልም፤ እስከተወሰነ ገንዘብ ድረስ መድኑ ይሸፍነዋል። ገጪው ካመለጠ ወይም መድን ከሌለው ለሞትና ለአካል ጉዳት የመድን ፈንድ የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ስለዚህ «ገጪው አልታወቀም» ብሎ ከፖሊስ ሪፖርት ሳይወስዱ ወደ ቤት መመለስ መብትን ጥሎ መሄድ ነው። ባለንብረቱም አደጋውን ለመድን ድርጅቱ ማሳወቅ ያለበት ባወቀ በ5 ቀን ውስጥ ነው።

«ዕርቅ ከወረደ ክሱ ይዘጋል»

የደጋው ሰው ሽምግልናን የሚያከብረው በከንቱ አይደለም። ሟች ባለበት ቤት ሽማግሌ ካልገባ፣ ካህኑ መስቀል ይዘው ካልቆሙ የፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻውን ደም አያደርቅም። ሹፌሩ በዚያ መንገድ ዳግመኛ በሰላም የሚያልፈው በዕርቅ ነው። ዐቃቤ ሕግ ግን የሰው ሞት ክስ በሽማግሌ ስለታረቀ አያቋርጥም። ዕርቁ የሚጠቅመው ቅጣት ሲለካ ነው፣ ስለዚህ በጽሑፍ ይያዝ፣ የተከፈለውም ገንዘብ በቁጥር ይጻፍ።

አደጋው ያለው በሌላው በኩል ነው። በሐዘን ሰሞን «ከእንግዲህ የካሳ ጥያቄ የለንም» የሚል ወረቀት ይቀርባል፣ ለተዝካሩ የሚሆን ብር ይሰጣል፣ አጎት ይፈርማል። ራሱ የፈረመ ሰው በፊርማው ይያዛል። የአጎት ፊርማ ግን ሚስትንም ልጆችንም አያስርም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2095 የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች ለኑሯቸው የሚሆን ካሳ በራሳቸው እንዲጠይቁ መብት ሰጥቷቸዋል። ይህ ለሐዘን ከሚከፈለው የሞራል ካሳ የተለየ ነው። የሞራል ካሳው ጣሪያ በአንቀጽ 2116 1,000 ብር ነው፤ በ1952 ዓ.ም ቁም ነገር የነበረ፣ ዛሬ አንድ በግ የማይገዛ ገንዘብ። ሕግ አውጪው ይህን እስከዛሬ ሳያስተካክል መቆየቱ ያሳፍራል።

ባሏ የሞተባት ሴት እንግዲህ ይህን ትወቅ። ሽማግሌዎች ዛሬ ነገ ሲሉ፣ ባለመኪናው «ከፋሲካ በኋላ» ሲል፣ መድን ድርጅቱ «ወረቀት ጎደለ» ሲል ጊዜው ይቆጠራል። የካሳ ክስ የሚቀርበው በአንቀጽ 2143 መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ጉዳቱ ለረዘመ ይርጋ የሚያበቃ ወንጀል ካልሆነ በቀር ከዚያ አያልፍም። 2 ዓመቱ የሚጀምረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ነው፣ ሽምግልናው ከፈረሰበት ቀን አይደለም።