ተፈትቶ የት ይደር?

አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር በይቅርታ የተፈቱ ታራሚዎችን ቁጥር እንሰማለን። ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ከግቢ ሲወጡ በቴሌቪዥን እናያለን፤ ዜናው እዚያው ያልቃል። የዚያን ዕለት ማታ የት እንዳደሩ የሚጠይቅ የለም።

«ቤተሰቡ ጋ ይሄዳላ!» ይባል ይሆናል። ብዙው ይሄዳል። ነገር ግን ሰው ገድሎ ለታሰረና በሽማግሌ ዕርቅ ሳያወርድ ለተፈታ ሰው፣ ወደ ገጠር መንደሩ መመለስ ደም መላሽ ወደሚጠብቅበት መግባት ነው። ሌላውን ደግሞ የፈረሰ ትዳር ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለው ሰው ከቃሊቲ ወይም ከቂሊንጦ ከወጣ እዚሁ አዲስ አበባ ይቀራል። ቤት ፍለጋውም ይጀመራል።

ደላላ ስለ ሰው ያለፈ ታሪክ ግድ የለውም፤ ኮሚሽኑን ካገኘ ይበቃዋል። ጣጣው አከራይዋ ጋ ነው። «ከየት ነው የመጣኸው? ምን ትሠራለህ? ማን ያውቅሃል?» ይላሉ። የሚጥለው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። ዓመታት ታስሮ የወጣን ሰው የሚያውቁት አብረውት የታሰሩት ናቸው። እውነቱን ከተናገረ ክፍሏ ድንገት «ተይዛለች»። ከዋሸ ደግሞ ጎረቤት የሰማ ቀን ዕቃው ውጭ ነው። ሴቷ ይብስባታል፤ ከነልጇ ከወጣች «ልጅ ላለው አናከራይም» የሚለው ይጨመርባታል።

በአከራዮች መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልፈርድም። ሰርቪስ ቤት ማከራየት በሩን፣ ውሃውን፣ ሽንት ቤቱን ከማያውቁት ሰው ጋር መጋራት ነው። አንዲት እናት ቢፈሩ ምን ይገርማል? ምክር አይደለም የሚያስፈልጋቸው፤ ነገ ችግር ቢመጣ የሚደውሉለት ሰው ነው።

ከዚያ ደግሞ መታወቂያው አለ። አሮጌው የቀበሌ መታወቂያ ጊዜው አልፏል። አዲስ ለማውጣት አድራሻ፣ አድራሻ ለማግኘት ቤት፣ ቤት ለመከራየት መታወቂያ። ፋይዳ ትንሽ ያቃልል ይሆናል፤ ግን ማንነትን ያረጋግጣል እንጂ የወረዳ ነዋሪ አያደርግም።

ሕጉስ? አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ የ2 ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ለእንዲህ ያለው ተከራይ ትልቅ ነገር ነው፤ ሐሜት በተሰማ ማግስት «ውጣልኝ» እንዳይባል ይረዳዋል። ግን ጥበቃው የሚጨበጠው ውሉ ተጽፎ ሲመዘገብ ነው፤ የጓሮ ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ በቃል ነው የሚከራየው። ደግሞስ የ2 ወሩን ከየት ያመጣል?

ማረሚያ ቤቱ ሊያግዝ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ታራሚው በሽመናና በእንጨት ሥራ ከሚያገኛት ጥቂቷ በባንክ ደብተር ብትቀመጥለት ቀብድ ትሆነዋለች። አመክሮ ደግሞ በወንጀል ሕጉ መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛው ሲፈጸም የሚታይ ነው፤ ስለዚህ የመውጫው ቀን ዱብ ዕዳ አይደለም። መታወቂያውንም መሸኛውንም ውስጥ እያለ መጀመር ይቻላል። የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ከሆነም ቁጠባው እንዳይቋረጥ ቤተሰብ በስሙ እንዲያስገባለት የሚያስታውሰው ሰው ያስፈልገዋል።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ዋሱ ነው። አንድ ዕድር ወይም የሰፈር ሽማግሌ «ችግር ካለ እኔን ጥሩኝ» ቢል፣ ያውም ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ብቻ፣ በሩ ይከፈታል። ሰውየው ኪራዩን በወሩ ከከፈለ፣ ማታም በጊዜ ከገባ፣ ሌላ ቤት ሲፈልግ «ማን ያውቅሃል?» ሲሉት የአከራይዋን ስልክ ይሰጣቸዋል።